ሰርግ ያዘገየ ወረቀት

ሲቀላ ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ሰው ሁሉ ወይ ጥላ ይፈልጋል ወይ ቀዝቃዛ ነገር። እኔም ጥላ ፍለጋ ከገባሁበት ዓሣ ቤት ውስጥ ነው ሁለቱን ያገኘኋቸው። እሷ የ24 ዓመት ወጣት ናት። እሱ 28 ዓመቱ ነው። ቀለበት ካሰሩ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሰርጉ ለጥር ተቆርጦ፣ ሚዜ ተመርጦ፣ ድንኳን የሚያከራየው ሰውዬ ሳይቀር ቀብድ በልቶ ነበር። አሁን ግን «ከፋሲካ በኋላ» ተብሎ ተላልፏል።

ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ሌላ ሴት? ሌላ ወንድ? የቤተሰብ ጣጣ? እኔም መጀመሪያ የገመትኩት እሱን ነበር። የለም! ሁለቱን ያኳረፋቸው ወረቀት ነው። ሰርተፊኬት!

«ስማችን እንዳይወጣ እንጂ የፈለጉትን ይጠይቁን» አሉኝ። ጠየቅኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች ትውልዳቸው ዶርዜ ነው። መቼም ዶርዜ ከተባለ ሸማ መባሉ አይቀርም። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸመኑ ሰው ናቸው፤ እናቷ ደግሞ ከእንዝርት ጋር ያረጁ ፈታይ። እሷ አካውንቲንግ ተምራ ሥራ ስትፈልግ ከረመችና «ለምን የአባባን ሙያ ሥራ አናደርገውም?» ብላ ሐሳብ አመጣች። እጮኛዋ የነበረችውን ባጃጅ ሸጠ። ከቤታቸው ጓሮ በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ሦስት የሽመና ዕቃ ተከሉ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ አንገት ልብስ… ጥቂቱን ለቱሪስት፣ ጥቂቱን ለአዲስ አበባ ነጋዴ ይሸጣሉ።

አምና የልጁ የአክስቱ ልጅ ከጀርመን ለእረፍት መጣ። ሲመለስ አምስት አንገት ልብስ በሻንጣው ይዞ ሄደ። እዚያ አንዲት ሱቅ ያላት ሴት አየችና ወደደችው። «200 ፍሬ እፈልጋለሁ» አለች። ሁለት መቶ! በቤቱ እልልታ ሆነ። ሰርጉም የተቆረጠው በዚያ ሳምንት ነው።

ከዚያ ቅጹ መጣ። አራት ገጽ ነው። «ኦኮ-ቴክስ አላችሁ? ጎትስ አላችሁ? አይኤስኦ አላችሁ? ክሩ ከየት ነው የመጣው? ቀለሙ ምንድን ነው? ማን ይሸምናል? ዕድሜው ስንት ነው? በቀን ስንት ይከፈለዋል?»

«እኔ የትራፊክ ፖሊስ እንኳን እንደዚህ ጠይቆኝ አያውቅም» አለኝ ልጁ፣ ዓሣውን እየፈለቀቀ።

ይሄኔ ነው «አንድ ሰው አለ» የተባለው። መቼም አገራችን ውስጥ «አንድ ሰው» የሌለበት ጉዳይ የለም። አዲስ አበባ ያለ ደላላ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለው፣ ቁጥር ያለው ሰርተፊኬት «አወጣላችኋለሁ» ይላል። ዋጋው የሰርጉ ሰንጋና የድንኳኑ ኪራይ ተደምሮ ያክላል።

ልጁ ይከፈል አለ። ልጅቷ «ውሸት ታቅፌ ሙሽራ አልሆንም» አለች። «ውሸቱ ምኑ ላይ ነው? ጥጡ ጥጥ ነው፤ ሸማኔው አባትሽ ናቸው። የጎደለን ወረቀት ብቻ ነው» አላት። ሦስት ሳምንት አልተነጋገሩም። በፍቅራቸው ዘመን ይህን ያህል ተኮራርፈው አያውቁም።

እንግዲህ እውነት ከሁለቱ ከማን ጋር ናት? ለፍርድ ከመቸኮላችን በፊት እስቲ እነዚህ ስማቸው የሚያስፈራ ወረቀቶች ምን እንደሆኑ እንያቸው።

ቆዳችሁ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ኦኮ-ቴክስ የሚባለው ምልክት እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ የጀርመንና አንድ የኦስትሪያ የጨርቃ ጨርቅ ምርመራ ተቋማት ያቋቋሙት ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ ይህ ጨርቅ የለበሰውን ሰው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ጥጡ በምን ዓይነት እርሻ እንደበቀለ፣ ሸማኔው ምሳ መብላቱን አይጠይቅም። ጨርቁን፣ ክሩን፣ ቁልፉን፣ ዚፑን ላቦራቶሪ አስገብቶ መርዝ ይፈልጋል።

«ጨርቅ ውስጥ ደግሞ ምን መርዝ አለ?» ትሉ ይሆናል። አለ እንጂ! ሸሚዝ እንዳይጨማደድ የሚቀባው ፎርማልዴሃይድ የሚባል ነገር አለ። ቀለም ውስጥ ከባድ ብረቶች አሉ። በተለይ ደግሞ አዞ የሚባሉ የቀለም ዓይነቶች አሉ (የጫሞው አዞ አይደለም፣ አትሳቁ)። አብዛኞቹ ችግር የለባቸውም። ጥቂቶቹ ግን ሲበታተኑ ካንሰር የሚያመጡ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። ጉዳቱ መጀመሪያ የታወቀው በለባሹ ላይ ሳይሆን በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ነው፤ የሽንት ፊኛ ካንሰር ነበር የሚገድላቸው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ሕግ ከእነዚህ 22ቱን ዘርዝሮ፣ በአንድ ኪሎ ጨርቅ ውስጥ ከ30 ሚሊግራም በላይ ከተገኘ ዕቃው ገበያ እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ ጀርመኗ ሴት ስትጠይቅ ቅብጠት አይደለም። እሷንም ሕግ ይጠይቃታል።

ኦኮ-ቴክስ ጨርቁን በአራት ክፍል ይመድበዋል። ጥብቁ የሕፃናት ነው፤ ሕፃን ልብሱን ይልሰዋል፣ ያኝከዋል። ሁለተኛው ቆዳ የሚነካ፣ ሦስተኛው የማይነካ እንደ ካፖርት ያለ፣ አራተኛው መጋረጃና የመሳሰለው ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ወረቀቱ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ አሥር ዓመት የሞላው ሰርተፊኬት ካያችሁ ጌጥ ነው በሉት። ምልክቱ ላይ ደግሞ ቁጥርና የመረመረው ተቋም ስም አለ። ቁጥሩን የኦኮ-ቴክስ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ እውነት መሆኑን በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ነው የደላላው ነገር የሚፈርሰው። ጀርመኗም ስልክ አላት! ቁጥሩን ትመታለች፤ አይወጣም። አለቀ። 200 ፍሬው ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ይቀራል፤ ሰንጋውም ይቀራል። ይህን ስነግረው ልጁ ሹካውን አስቀመጠ።

ስለ ቀለም ካነሳን የራሴን ገመና ላውጣ። ለጓደኛዬ ሰርግ ከአንድ ሱቅ ጥለቱ ደማቅ ቀይ የሆነ ልብስ ገዛሁ። ባለ ሱቁ «አይለቅም፣ ሰርተፋይድ ነው» አለኝ። በመጀመሪያው እጥበት ነጩ ሁሉ እንጆሪ መሰለ። ተመልሼ ስሄድ «በምን ሳሙና አጠቡት?» ተባልኩ። ጥፋቱ የሳሙናዬ ሆነ!

ይሄን በቤታችሁ መከላከል ትችላላችሁ። ነጭ መሀረብ አርጥባችሁ ባለ ቀለሙን ጥለት ደጋግማችሁ እሹት። መሀረቡ ከቀላ ልብሱም ይለቃል። ላቦራቶሪዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በማሽን አሽተው ከ1 እስከ 5 ነጥብ መስጠታቸው ነው። 5 ምንም አልለቀቀም፣ 1 ደግሞ «እንዳትነካው» ማለት ነው። «መቶ ፐርሰንት ጥጥ ነው» ለሚላችሁም ከጠርዙ አንዲት ክር ምዘዙና በጥንቃቄ ለኩሷት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ሲነኩት ብን ይላል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ሲበርድ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ጥበቡ የታተመበት ርካሽ ቀሚስ ገበያውን ባጥለቀለቀበት በዚህ ዘመን ይቺ አንዲት ክር ብዙ ታወራለች። «ሐር» እየተባለ ከሚሸጠው የጥለት ክር ውስጥም የሐር ትል ያየው ስንቱ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ጥጡ ራሱስ?

ጎትስ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የኦርጋኒክ ጨርቅ ደረጃ ሲሆን የአሜሪካ፣ የጀርመን፣ የእንግሊዝና የጃፓን ድርጅቶች ናቸው ያቋቋሙት። ቢያንስ 70 በመቶ ኦርጋኒክ ጥጥ የሌለው ጨርቅ በሩን አያልፍም፤ «ኦርጋኒክ» ተብሎ በሙሉ አፍ ለመጠራት ደግሞ 95 በመቶ ያስፈልጋል። ከዚያም በላይ ጥጡ ከተዳመጠበት ማሽን ጀምሮ ፈታዩ፣ ሸማኔው፣ ቀለም ነካሪው፣ ሰፊው በሙሉ እያንዳንዳቸው ተመርምረው የየራሳቸው ማረጋገጫ ሊኖራቸው ይገባል። ቀለም ያለበት ውኃ ሳይጣራ ወንዝ አይለቀቅም። ሰንሰለት ነው። አንዷ ቀለበት ከጎደለች ሁሉም ጎደለ።

ልጆቻችን የት ላይ ናቸው? ማጉ የእናቷ ፈትል ነው፤ ድሩ ግን ከገበያ የተገዛ የፋብሪካ ክር። የብዙ ሸማኔ ሥራ እንደዚሁ ነው፤ ድር ጠንካራ ክር ይፈልጋላ! የዚያ ክር ጥጥ የት በቀለ፣ ምን ተረጨበት ቢባሉ መልስ የላቸውም። ስለዚህ እናቷ የቱንም ያህል ንጹሕ ባዘቶ ቢፈትሉ ጎትስ አይታሰብም። «በአንድ ሳምንት» ያለው ደላላ ይህን አያውቅም፤ ወይም በደንብ ያውቃል።

የሚገርመው ግን ኦርጋኒክ ጥጡ ያለው ጎረቤት ነው! አርባ ምንጭ ዙሪያ፣ ሼሌ ሜላና አካባቢው ያሉ ገበሬዎች ፓን-ኢትዮጵያ ከተባለው ማኅበርና ከእንግሊዙ አቻው ጋር ሆነው ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጥጥን ያለ መርዝ ማብቀል ሲለማመዱ ቆይተዋል። ዘዴው ያስቃል፣ ያስደንቃልም። ጓይ ትልን በመርዝ ከመግደል ይልቅ ጓይ ትልን ለሚበሉ ነፍሳት ምግብ አዘጋጅቶ ማሳው ላይ መርጨት ነው። ግብዣውን የሰሙ ጥንዚዛዎችና ተርቦች ይመጣሉ፤ ምሳውን ከበሉ በኋላ ትሉንም ይበሉታል። ድግስ ተደግሶ ጠላት ተበላ ማለት ነው። ከገበሬዎቹ መካከል የኦርጋኒክ ማረጋገጫ እስከማግኘት የደረሱ አሉ።

ቀልድ አይደለም ታዲያ። ጥጥ ላይ ሲረጩ ከኖሩት መርዞች አንዱ ኢንዶሰልፋን ነው። ሰውንና አካባቢን የሚጎዳ ሆኖ ስለተገኘ እ.ኤ.አ. በ2011 በስቶክሆልም ስምምነት ከዓለም እንዲወገድ የተወሰነበት ነው። የመርዝ ጀሪካን አጥቦ ውኃ የሚቀዳበት ሰው አገራችን ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። የአባያና የጫሞን ዓሣ ለሚበላ የሲቀላ ሰው ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ገንዘቡ ከየት መጣ ካላችሁ ደግሞ፣ ከረዱት አንዱ ትሬድ የተባለ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የእሱ ሥራ ምን መሰላችሁ? ለንደን ውስጥ አሮጌ ልብስ ሰብስቦ መሸጥ! እኛ ሳልቫጅ የምንለውን ማለት ነው። የፈረንጅ አሮጌ ጂንስ ተሸጦ የአርባ ምንጭ ጥጥ ከመርዝ ተረፈ።

ገበሬው ግን ወረቀቱን ያገኘው በሳምንት አይደለም። መሬቱ ከመርዝ እስኪጠራ እንደ ገበያው ዓይነት ሁለት ወይም ሦስት ዓመት መጠበቅ ግዴታ ነው። በዚህ ጊዜ ጥጡ ያለ መርዝ ይመረታል፤ የሚሸጠው ግን በተራ ጥጥ ዋጋ ነው። ትዕግሥት የጨረሰ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያጭበረብረው። ሌላው ዓለምም ከዚህ አይጸዳም። እ.ኤ.አ. በ2020 ጎትስ ራሱ ሕንድ ውስጥ 20 ሺህ ቶን ጥጥ በሐሰተኛ ወረቀት «ኦርጋኒክ» ተብሎ መገኘቱን ይፋ አድርጓል። ሃያ ሺህ ቶን! የእኛ ደላላ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኪስ አውላቂ ነው።

አይኤስኦ 9001ን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት ነው የማነሳው። እሱ የጨርቁን ጥራት አይናገርም። የድርጅቱን አሠራር ነው የሚናገረው፦ ሥራችሁን ትመዘግባላችሁ? ስህተት ሲገኝ ታርማላችሁ? ሁሌ አንድ ዓይነት መናኛ ጨርቅ የሚያመርትም፣ አሠራሩ የተስተካከለ ከሆነ፣ ሊያገኘው ይችላል። 14001 የሚባለው ደግሞ ስለ አካባቢ አያያዝ ነው። ሦስት ሽመና ላለው ጓሮ ሁለቱም ገና ናቸው።

መስከረም 1 ቀን 2005

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ወረቀት ስንል ሁሉም ወረቀት እውነት ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

በ2005 ዓ.ም. እኛ እንቁጣጣሽ ብለን አበባ ስንሰጣጥ፣ በዚያው ዕለት ካራቺ፣ ፓኪስታን፣ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል የልብስ ፋብሪካ ተቃጠለ። ከ250 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ፣ መውጫዎቹ የተቆለፉ ነበሩ። ይህ ፋብሪካ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ምን ተሰጥቶት ነበር? ኤስኤ 8000 የሚባል፣ የሠራተኛ ደኅንነትንና መብትን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት! በሕጋዊ መንገድ፣ በመርማሪ ድርጅት የተሰጠ። ስምንት ወር ሳይሞላ ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ ፈርሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ፤ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎችም «ኦዲት» የተደረጉ ነበሩ።

ወደ ራሳችን ስንመጣ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከፋብሪካው የሚወጣ አንዲት ጠብታ ቆሻሻ ውኃ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ ተብሎ መልሶ የሚያጣራ ዘመናዊ ተቋም ተተክሎለታል። እሰየው ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ባወጣው ጥናት የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ ከዓለም ልብስ ሰፊ አገሮች ዝቅተኛው ነበር። ውኃው ተጣርቷል፤ ልጅቷ ግን የቤት ኪራይ መክፈል አትችልም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የፓርኩ ዋና ደንበኛ የነበረው ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ወጣ፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ሰረዘች። ይህንን የሚከለክል ሰርተፊኬት አልነበረም።

«አየሽ! ታዲያ ወረቀቱ ምን ዋጋ አለው?» አለ ልጁ፣ ወደ እጮኛው ዞሮ። ክርክሩን ያሸነፈ መስሎት ነበር።

ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ቅጽ አውጥታ ሦስተኛውን ገጽ ገለጠችልኝ። «እኔን ያስጨነቀኝ ኦኮ-ቴክሱ አይደለም። ይሄ ነው» አለች። ጥያቄው፦ «ከ15 ዓመት በታች የሆነ የሚሠራ ሰው አለ?»

ጓሯቸው ውስጥ ካሉት ሦስት የሽመና ዕቃዎች በአንዱ ከትምህርት ቤት መልስ የሚቀመጠው የወንድሟ ልጅ ነው። 12 ዓመቱ ነው።

ጋሞና ሽሮ ሜዳ

ይህን ጉዳይ ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ አፋችንን ሞልተን ግን አናወራም። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ የምትገዙት ሸማ ከየት እንደመጡ ሸማኔዎች እጅ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ብዙዎቹ ከጋሞ ናቸው። ገሚሶቹም የመጡት ልጅ ሆነው፣ «አስተምርልሃለሁ» ባለ ዘመድ እጅ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ ዝርዝር ያወጣል፤ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ በዚያ ዝርዝር ላይ ሰፍሯል። የፈረንጅ ሱቆች ቅጽ የሚልኩት በዚህም ጭምር ነው። የእኛም ሕግ ቢሆን በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎታል።

ልጁ ሳጥኗ ላይ «የለም» ብሎ ምልክት ሊያደርግ ነበር። «እሱ እኮ ሠራተኛ አይደለም፤ ቤተሰብ ነው። እየተማረ ነው» ይላል። ልጅቷ «ባለፈው ወር ስምንት አንገት ልብስ ሠርቷል፤ ሸጠናቸዋል» ትላለች። አካውንቲንግ የተማረች ሴት ለክርክር አትመችም!

ነገሩ ማታ አባቷ ፊት ቀረበ። «አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አላቸው ልጁ፣ ይደግፉኛል ብሎ። አዛውንቱ ብዙ አሰቡ። ከዚያ ያወሩትን ልጅቷ እንዲህ ነገረችኝ፦

«እኔን አጎቴ ሽሮ ሜዳ የወሰደኝ በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ‹ትማራለህ› ተብዬ ነው የሄድኩት። እግሬ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው መርገጫ ላይ አይደርስም ነበር። ድንጋይ ደረበልኝ። ለሊት ነበር የምነሣው፤ ማታ በኩራዝ ነበር የምጨርሰው። ሙያው ገባኝ፤ እሱን አልክድም። ፊደል ግን እስከዛሬ አልገባኝም። ልጄ፣ አንተ ያመጣኸው ወረቀት ምን እንደሚል እንኳን አንብቤ ላውቅ አልችልም።»

ልጇ ይህን ታሪክ ሰምታ አታውቅም ነበር። ሃያ አራት ዓመት አብራቸው ኖራ!

በማግሥቱ አባትየው የልጅ ልጃቸውን «ከዛሬ ጀምሮ መወርወሪያ አትነካም፤ ደብተርህን ያዝ» አሉት። ልጁ ግን አለቀሰ። ይወደዋል ሽመናውን! እኔ እንኳን እዚህ ላይ ትንሽ ተወዛግቤያለሁ። ልጅ ከአያቱ ሙያ ሲቀስም ማየት ወንጀል አይመስለኝም፤ ዶርዜ እስከዛሬ የቆየው እንዲያ ነው። ለሚሸጥ ዕቃ፣ በትዕዛዝ፣ በቀን ገደብ ማሠራት ግን ሌላ ነው። እነሱም መጨረሻ ላይ እዚህ ተስማሙ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ለራሱ ትንሽ ጨርቅ ይሠራል፤ አይሸጥም።

ታዲያ ምን አደረጉ?

ለደላላው «ይቅርብን» አሉት። (እስከዛሬ ይደውላል። «ቅናሽ አለ» ይላል።) ቅጹን እንዳለ፣ እውነቱን ሞሉት። ኦኮ-ቴክስ፦ የለንም። ጎትስ፦ የለንም። ድሩ፦ የፋብሪካ ክር፣ የጥጡን ምንጭ አናውቅም። ማጉ፦ የእጅ ፈትል። ሕፃን፦ ነበረ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ የለም።

ከዚያ ከየቀለሙ ናሙና ቆርጠው ልጁ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ይዞ ሄደ። ድርጅቱ በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች መሥሪያ ቤት ለአራት ሲከፈል የተቋቋመ ሲሆን ጨርቃ ጨርቅም ይመረምራል። እንደ እነሱ ለጀመረ ሰው ይህ የሚያዋጣ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የምርመራ ውጤት እና ሰርተፊኬት የተለያዩ ናቸው። የምርመራ ውጤት «ያመጣችሁልን ይህች ቁራጭ እንዲህ ናት» ይላል፤ ያልቀረበውን ጨርቅ አይመለከትም። ግን እውነተኛ ነው፤ ገዢም ያከብረዋል። የማምረቻውን ጥራት ሳይሆን ሸማኔው እንዴት እንደሚያዝ ማሳየት ለሚፈልግ ደግሞ የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት ዋስትና አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው ሳባሃር የተባለው የእጅ ሽመና ድርጅት የዚያ አባል ነው። እንግዲህ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ይዞ ወደ ዓለም ገበያ መግባት ይቻላል ማለት ነው።

ውጤቱ መጣ። ጥጡ ጥጥ ነው። ሰማያዊው ደህና፣ አረንጓዴው ደህና። ቀዩ በእርጥብ ሲታሽ ከ5ቱ 2 አገኘ። ወደቀ! እኔ በገዛሁት ልብስ ላይ የደረሰው ዓይነት መሆኑ ነው። ቀዩን ክር ለነጋዴው መለሱለት፤ እሱም «በምን ሳሙና አጠባችሁት?» አላቸው አሉ።

ጀርመኗ ሴት በሁለተኛው ሳምንት መለሰች። 200ው ቀርቷል። 40 ፍሬ ብቻ፣ ቀለም የሌለው፣ ነጭ በነጭ ላከችልኝ አለች። ከወደድኩት ለሚቀጥለው ዓመት ስለ ኦርጋኒክ ድር እንነጋገራለን ብላለች። በ40 ፍሬ ሰንጋ አይገዛም። ሰርጉ ወደ ፋሲካ የሄደው ለዚህ ነው። ሁለቱ ግን ታርቀዋል፤ ዓሣውን ከአንድ ሳህን ሲበሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ቅጹ ላይ የሸማኔ ስም መጻፊያ እንጂ የፈታይ መጻፊያ ቦታ አልነበረውም። ልጅቷ ይህ ከነከናትና ከገጹ ዳር «ማጉን የፈተለችው እናቴ ናት» ብላ በእጅ ጽሑፍ ጨመረችበት። ጀርመኗ በመልሷ ላይ ስለዚያ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቃለች፦

«እናትሽ በቀን ስንት ይከፈላቸዋል?»

እኔ ሲቀላን ለቅቄ ስወጣ ልጅቷ መልሱን ገና አልጻፈችም። እናቷ ምንም ተከፍሏቸው አያውቅም።